መሐሉን ብቻ ይዩ

ክፍሉ መስኮት የለውም። አገጩን ያሳረፈበት ፕላስቲክ ገና አሁን በአልኮል ስለተጠረገ ይቀዘቅዛል። ከፊቱ እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ያለ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ መሣሪያ አለ፤ መሐሉ ላይ ደብዘዝ ያለች ቢጫ ነጥብ ትበራለች። ቀኝ ዓይኑ ተሸፍኗል። በእጁ የጨበጠው ቁልፍ በላብ ረጥቧል።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎልማሳነቱን የጨረሰው ከመሪ ጀርባ ነው። ባልደረቦቹ «አሞራው» ይሉታል፤ የኋላው በር ላይ የተንጠለጠለ ጎረምሳ ስንት ጥርስ እንዳለው በስፖኪዮ ቆጥሮ ይነግርሃል እያሉ ይቀልዱበታል። ይህን ዓይን ነው እንግዲህ አንዲት ነርስ፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ በሄደ ጊዜ፣ ግፊቱን ለክታ እንደገና የለካችው።

ወደ ዓይን ክሊኒኩ የላከችው እሷ ናት። እዚያ አንዲት ሐኪም የዓይኑን ጀርባ በመብራት መርምራ ግላኮማ ነው አለችው። ግፊቱ ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ እያለ ይጎዳዋል፤ አያምም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዳር ዳር እየበላ ስለሚመጣ ለታማሚው አይታወቀውም። ምን ያህሉ እንደተበላ የሚለየው በዚህ መሣሪያ ነው። አውቶቡስ መንዳቱን መቀጠል አለመቀጠሉም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

የምርመራ ባለሙያዋ አስቀድማ አስረድታዋለች። መሐሏን ነጥብ ብቻ ያያል፤ ዳር ላይ ብልጭ የሚል ነገር ሲታየው ቁልፉን ይጫናል፤ ዞሮ ግን አያየውም። ይህ ለሌላው ሰው ቀላል ይሆናል። እሱን ዓይኑ አልታዘዝ አለው። ነጥቧ ላይ ትንሽ ይቆይና ሳያስበው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። መንዳት ያስተማረው ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን የነገረው፣ አንድ ቦታ የተተከለ ዓይን ሰው ይገድላል ብሎ ነው።

መሣሪያው ሲቆም ቀና አለ። ያመለጠው ብልጭታ ያለ አልመሰለውም።

«ጋሼ፣ ይህን ውጤት ሐኪሟ አትቀበለውም» አለች ባለሙያዋ። «ዓይንዎ ሲዞር መሣሪያው ይመዘግባል። መብራቱን እያሳደዱት ነው።»

«ካየሁት አየሁት አይደል እንዴ? ማሳደዴ ምን ቸገረሽ?»

«እኔ የምፈልገው ሳያሳድዱት የሚያዩትን ነው።»

ጥቂት አርፎ እንዲመለስ ወደ ኮሪደሩ አስወጣችው።

ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ምን አሉህ ስትለው ማሽናቸው ተበላሽቷል አላት። ዛሬ ጠዋት ለሰው ሁሉ ሲሠራ ያረፈደ ማሽን አንተን ሲያይ ታመመ በለኛ፣ አለችው። ሳቅ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገራት። ብልጭታው የሚወጣበትን ቦታ እየለመደው ነው፤ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ወደ መሐል ከመለሰ ማሽኑም ላይነቃበት ይችላል።

ሚስቱ ግን፣ ያ ብስክሌተኛ በየት በኩል ነበር የመጣው፣ ብላ ጠየቀችው። ባለፈው ሰሞን አንድ ብስክሌተኛ ከመሬት እንደፈለቀ ድንገት መንኮራኩሩ ሥር ሊገባ ሲል፣ ፍሬን ረግጦ ለጥቂት እንዳተረፈው ነግሯት ነበር። ያን ዕለት ጥፋቱን ጠቅልሎ የሰጠው ለብስክሌተኛው ነው።

«ከግራ» አለ ሹፌሩ።

«ማሽኑን ብትሸውደው ማሽን ነው። የሰው ልጅ ጎማህ ሥር ሲገባ ማንን ልትሸውድ ነው?»

ተመልሶ ገባና አገጩን አስቀመጠ። በዚህኛው ዙር ዓይኑን በግድ ያዘው፤ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ነጥቧ ላይ ተከለው። መሣሪያው ከየብልጭታው ጋር ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ቀደም ሲል በማሳደድ ተጠምዶ አላስተዋለውም ነበር። አሁን ድምፁ ይመጣል፣ ብርሃኑ አይመጣም። ጠቅ። ምንም የለም። ጠቅ። ምንም የለም። ወደ ግራ ዞር ቢል እንደሚያገኘው ያውቃል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

ጤነኛ ሰውም ብዙውን ብልጭታ እንደማያየው፣ መሣሪያው ሆን ብሎ እያደበዘዘ እንደሚሞክር ነገረችው። ሊያምናት ፈልጎ ነበር።

ቀኝ ዓይኑም ከተመረመረ በኋላ ሐኪሟ የሁለቱንም ውጤት ለእሱና ለሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። የቀኝ ዓይኑ ሥዕል ነጣ ያለ ነው፤ የግራው ከግማሽ በላይ ጠቁሯል። የጠቆረው ተመልሶ ይነጣ እንደሆነ ጠየቃት።

«አይመለስም። የቀረውን ግን አብረን እንጠብቀዋለን።»

ቀድሞ ሕክምናው የሚጀመረው በጠብታ ነበር፤ አዳዲስ ጥናቶች ግን ከመነሻው ቀላል የሌዘር ጨረር ሕክምና ማድረጉ ለብዙ ሰው ግፊቱን እንደሚያወርድ ስላሳዩ፣ ቀኙን በዚያ ሊጀምሩለት አስበዋል። ለግራው ጠብታም ይጨመራል፤ ካልበቃው ቀዶ ሕክምና አለ። በሽታው በዘር ስለሚሄድ ወንድሞቹም ልጆቹም ይመርመሩ አለች። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ትልቋ ልጃቸው ራሴን ያመኛል ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ሐኪሟ የራስ ምታት ብቻውን ምልክት አይደለም፣ ግን አምጧት አለቻት። እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው ግማሹን ነው። መቼ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ጠየቀ። ሐኪሟ ሰው ጭነው መንዳቱ አብቅቷል ስትለው፣ አንገቱን ነቅንቆ እንደተስማማ ሰው ተነሣ።

ኮሪደሩ ላይ ወደ ስምሪት ክፍል ደወለ። የነገውን አውቶቡስ ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገራቸው። የስምሪት ሠራተኛው፣ አሞራው ደግሞ ዛሬ ምን ሆነ፣ ዝናብ ፈራህ እንዴ፣ እያለ ሳቀበት።

«በግራ በኩል አላይም» አለ ሹፌሩ።

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ።

ከክሊኒኩ ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። አንድ መኪና አለፈ፣ ከዚያ ሌላ የለም። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ባዶ ነው አለችው። አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙሮ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ፤ እንደገና ወደ ግራ አዞረ፤ እግሩ ግን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ አልወርድ አለ።