በያያት ላይ የተላከከው ጥፋት

ኒኒንግ፣ ያያት ሊባረር መሆኑን የሰማችው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የኦቾሎኒ ስጎ የፈሰሰበትን ባታጎር የተባለ የዓሣ ጥብስ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ያያት እሷ በምትኖርበት በኢንዶኔዥያዋ ባንዱንግ ከተማ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተሮች ከፋፍሎ የሚያሠራው የሆስፒታሉ ሶፍትዌር ደግሞ የኒኒንግ መሥሪያ ቤት ምርት ነው። ይህ ሶፍትዌር ሜሞሪውን ቀስ በቀስ ሲበላ ይከርምና ድንገት ቀጥ ይላል። ያኔ ካርድ ክፍሉ ሥራ ይፈታል፤ የታመመ ልጅ የታቀፉ እናቶች ኮሪደሩን ይሞሉታል፤ ስድቡን የሚጠጣው ያያት ነው። የኒኒንግ አለቃ ፓክ (አቶ) ታታንግም ለሆስፒታሉ «የእናንተ ሰው አያያዝ አያውቅም» ብለው ነበር።

ኒኒንግ ቢሯቸው ገባች።

«ፓክ፣ ችግሩ የኛ እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?»

«ማን አረጋገጠ? ደግሞ የያያት ጠበቃ ሆንሽ እንዴ? ሲቆም አጥፍተው ያብሩት።»

«በሽተኛ ተሰልፎ?»

«ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራች። የሆስፒታሉን አሠራር በሙከራ ማሽን ላይ አስመስላ አስነሳችና የሶፍትዌሩን ክፍሎች ተራ በተራ እያጠፋች ሜሞሪውን ትከታተል ጀመር። ዲስኩን አጠፋች፤ መብላቱን አልተወም። ስክሪኑንም አጠፋች፤ ያው ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣውን ክፍል ስታጠፋ ግን ረጋ። ኮዱን ከፍታ መስመር በመስመር አነበበችው። ቅጂው በሰላም ካለቀ የተወሰደው ሜሞሪ ይመለሳል። ኔትወርክ ተቋርጦ መሃል ላይ ከቀረ ግን ሶፍትዌሩ ሜሞሪውን እንደያዘ ይወጣል። የሆስፒታሉ ኔትወርክ ደግሞ ሲቋረጥ ነው የሚውለው። ሆን ብላ የኔትወርክ ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች፣ ደግማ ነቀለች፤ በነቀለች ቁጥር የተያዘው ሜሞሪ ጨመረ። ደስ ሊላት ሲገባ ደሟ ፈላ።

ውጤቱን ለፓክ ታታንግ አሳየቻቸው። «ጎበዝ፣ አስተካክዪው። ለሆስፒታሉ ግን ማሻሻያ ነው በያቸው» አሏት።

«ማሻሻያ? ሰውዬው እኮ ከሥራው ሊባረር ነው!»

«ስማችንስ?»

እዚያው ፊታቸው ቆማ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ለኢቡ (ለወይዘሮ) ሩክሚኒ ደወለች። «እመቤቴ፣ ጥፋቱ የሶፍትዌራችን ነው። ያያት ምንም አላበላሸም» አለቻቸው።

ያያት ከሥራው አልተባረረም። ኒኒንግን ግን በወሩ ከሶፍትዌር ቡድኑ አውጥተው ስልክ ተቀባይ አደረጓት። እሷን የሚያንገበግባት ይህ አይደለም፤ ያያትን ይቅርታ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰሞኑን ደውሎላት፣ «ቴህ ኒኒንግ፣ እህቴ፣ ዛሬም ማተሚያው ወረቀት ሲያንቀው ‹ያያት ምን ነካካ?› ነው የሚሉኝ» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።