እሷ የሌለችበት ግሩፕ

ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አራት ሴቶች ነበርን፤ ዊንጌት አካባቢ አብረን የተማርን፣ ሃምሳን ስንሻገር ደግሞ አብረን መታመም የጀመርን። አንደኛዋ ነርስ ናት። ሁለተኛዋ በባሏ ሥራ የተነሳ ሐዋሳ ሄዳ እዚያው የቀረች ናት፤ ወገቧን ያማታል። ሦስተኛዋ አዲሱ ገበያ የመጋረጃ ሱቅ የነበራት፣ ስኳር ያለባት ጓደኛዬ ነች። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ደም ግፊት አለብኝ፣ ቶሎም እቆጣለሁ። ነርሷ ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው ትላለች።

ቴሌግራም ላይ ያወጣንለት ስም «የኪኒን ሰዓት» ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዳችን የለካነውን ፎቶ አንስተን እንልካለን፣ ከዚያ ኪኒናችንን እንውጣለን። ያልላከች «ቀሪ» ተብላ ስትሰደብ ትውላለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያሻንን እንጭንበታለን፤ የልጅ ምርቃት፣ ያረረ ወጥ፣ የጠበበ ጫማ፣ የጎረቤት ሐሜት። ለሐዋሳዋ ወገብ የሰጠነውን ምክር አንድ ሐኪም ቢያነበው ያስከስሰን ነበር።

የባለ መጋረጃዋ ፎቶ ሁልጊዜ ጠማማ ነው። ከስኳር መለኪያዋ ጎን አንዲት የሻይ ብርጭቆ አትጠፋም።

«ያ ሻይ ስኳር አለው?» ትላለች ነርሷ።

«የለውም፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ማንኪያው ምን ይሠራል?»

«ለማማር ነው።»

በዚህ ስንስቅ ዓመታት አለፉ። ደግሞ ሳቅ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን የግፊቴን ፎቶ ልኬ ራሴን ይዤ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ነርሷ «ቶሎ ሐኪም ቤት ሂጂ» ብላ ጻፈች፣ ሐዋሳዋ የምታለቅስ ስቲከር ላከች። እሷ ምንም አልጻፈችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሱቋን ዘግታ፣ ደንበኛ አባርራ ነው የመጣችው። «ተነሺ» አለችኝ፣ «ቁጣሽን ሐኪም ፊት ትጨርሺዋለሽ።» ከእኛ ከአራታችን መልእክት ሲደርሳት ከመጻፍ ይልቅ የምትነሳው እሷ ብቻ እንደነበረች አሁን ነው የምቆጥረው።

ሕመሟ ሲጀምር ጨጓራ ነው አለችን። ከዚያ ቀሚሷ ሰፋ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት ተመላልሳ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ልጇን ለብቻዋ ጠርቶ የማይድን በሽታ መሆኑን ነገራት። ልጅቷ ለነርሷ ጓደኛችን ነገረች፣ ነርሷ ለእኛ ነገረችን። ለእሷ የተነገራት «የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀስ በቀስ ይሻልሻል» የሚል ነበር። ማን ይንገራት የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም፤ አባቴም ሲሞት ሆዱን ብርድ የመታው መስሎት ነው የሞተው። እናም ሁለተኛ ግሩፕ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ እኔ፣ ነርሷ፣ ሐዋሳዋና የእሷ ልጅ አለን። እሷ የለችም። ጠዋት በአንደኛው ግሩፕ «ዛሬ ፊትሽ አምሮበታል» እንላታለን፣ ከሰዓት በሌላኛው ስንት ኪሎ እንደቀነሰች እንነጋገራለን።

ሌላው ሰው ቢያደርገው ይቅር ይባል ይሆናል። እኔ ግን አውቅ ነበር። እሷ ትውልዷ ኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች እናቷ እዚያ ታመሙ፤ ታላቅ እህቷ እንዳትደነግጥ ብላ «ጉንፋን ቢጤ ነው» እያለች አቆየቻት። የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትማማቾቹ ተኳረፉ፤ ሃያ ምናምን ዓመት። ስንት ጊዜ ላስታርቃት ብዬ አፌን ስከፍት «ለእኔ አዝና አይምሰልሽ» ትለኝ ነበር፣ «እንባዬን ማየት ፈርታ ነው።» ይህን በጆሮዬ የሰማሁ ሰው ነኝ ያንን ግሩፕ የከፈትኩት።

ስህተቱ የደረሰው በአንድ ምሳ ሰዓት ነው። ሁለቱ ግሩፖች ስልኬ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል። ሐዋሳዋ ሐኪሙ በመጨረሻ ምን እንዳለ ጠይቃኝ ነበርና በድምፅ ልነግራት አሰብኩ። ላይኛውን ልነካ ጣቴን ስሰድ፣ በዚያችው ቅጽበት «የኪኒን ሰዓት» ላይ አዲስ መልእክት ገባና እሱ ወደ ላይ ወጣ። የላከችው እሷው ነበረች፤ የባዶ ሳሕን ፎቶ፣ «ሾርባዬን ጨረስኩ፣ አጨብጭቡልኝ» የሚል። እኔ ሳላይ ነክቼ መናገር ጀመርኩ።

«ሐኪሙ ከሁለት ወር አያልፍም ብሏል። ጉበቷን ጨርሶታል። እባካችሁ ስንሄድ እሷ ፊት እንዳናለቅስ፣ ምንም ነገር እንዳትጠረጥር።»

ስልኩን አስቀምጬ ምሳዬን ከፈትኩ። ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ ነርሷ ደወለች። «አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!» ትላለች። ምኑን እንደሆነ ሲገባኝ አጠፋሁት። ግን ከማጥፋቴ በፊት ከጎኑ ሁለቱ ምልክት እንዳለ አይቻለሁ፤ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ነርሷ ከፍታዋለች፣ ስለዚህ ምልክቱ የእሷ ሊሆን ይችላል። በዚህች «ሊሆን ይችላል» ላይ ተንጠልጥዬ ሰነበትኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ታማሚዋ ጓደኛዬ የኪኒኖቿን ፎቶ ላከች። «ውጫለሁ፣ ቀሪ እንዳትሉኝ» ይላል። ሦስታችንም ልብ የያዘ ስቲከር ላክንላት። «አየሽ፣ አልሰማችም» አልኳት ለነርሷ።

ከቤቴ እስከ ቤቷ በታክሲ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ለመሄድ ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በስልክ ጎበዝ ነኝ፤ ጠዋት ማታ «አይዞሽ»፣ «በርቺ»፣ «በጸሎቴ አለሽ» እላለሁ። ጣት አያለቅስም። በአካል መሄድ ሲመጣ አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ዝናብ ነው፣ አንድ ቀን ታክሲ የለም።

የሄድኩ ዕለት ልጇ መድኃኒት ልትገዛ እንደወጣች ነበርና ሁለታችን ብቻ ሆንን። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሻሿን አሳምራ አስራለች። ስለ ሱቁ፣ ስለ ሐዋሳዋ ወገብ፣ ስለ ኑሮው ውድነት አወራን። ከዚያ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች፣

«ኮምቦልቻ መሄድ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «እህቴን ይቅር ብዬሻለሁ ልላት። ብቻዬን አልችልም፣ ልጄንም ብጠይቃት ታለቅስብኛለች። አንቺ ትወስጂኛለሽ?»

«ለምን አትደውዪላትም?»

«ይሄን ያህል ዘመን አኩርፌ በስልክ? ፊቷን እያየሁ ነው እንጂ።»

«እሺ፣ እሷ ትምጣ።»

«ታምሜያለሁ ብዬ ብጠራትማ አዝና ትመጣለች። እኔ ነኝ ያኮረፍኩት፣ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ።»

ከዚህ በላይ ግልጽ ንግግር ከየት ይምጣ? እኔ ግን የተለማመድኩትን አልኩ። «ስትድኚ አብረን እንሄዳለን። አሁን መንገዱ ያደክምሻል።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ለመዳኑ ሁለት ወር ይበቃኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ወር የሚለውን ማንም ለእሷ አላላትም፤ ሐኪሙም፣ ልጇም። ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚያች የድምፅ መልእክት። እሷ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ የእውነቱን በር ከፍታልኝ እኔ እስክገባ ትጠብቅ ነበር። «ሰምቻለሁ» ብትለኝ እንደምሰበር ታውቃለች፤ እኔ ሳልቀድማት ልትናገር አልፈለገችም። ያን ጊዜ እጇን ይዤ «አዎ፣ ሰምተሻል፣ እናልቅስና ነገ እንሂድ» ብል ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

«ከዚያም በፊት ትድኛለሽ፣ ኢንሻአላህ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው የሰለምሽው?» ብላ ሳቀች። እኔ እሑድ ከቸርች የማልቀር ሰው ነኝ። አብረን ሳቅን፣ ሳቁ አዳነኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ውኃ እንድቀዳላት ጠየቀችኝና ስለ ኮምቦልቻ ዳግመኛ አላነሳችም።

ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ በሁለተኛው ግሩፕ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «አየኋት። ደህና ናት። ምንም አልጠረጠረችም።» ስለ እህቷ አልጻፍኩም። ለነርሷ ብነግራት ቢያንስ መኪና ታፈላልግ፣ በመንገድ የሚያስፈልገውን ታዘጋጅ ነበር። ልጅቷም ብትሰማ እናቷን ልትከለክል አትችልም ነበር። አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው መስማቷን መናገር አለብኝ፣ መስማቷን ብናገር ደግሞ ያሰማኋት እኔ መሆኔን። እዚህ ላይ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ እሷ ከእኛ በልጣ የደንቡ ሰው ሆነች። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ፎቶው ይደርሳል። እጇ ሲደክም ልጇ እያነሳች ትልክላት ጀመር። ያ ጠማማ ፎቶ ቀና አለ። እኛም ስቲከር እንልካለን፤ ጸሎት የያዙ እጆች፣ ጽጌረዳ፣ ልብ። ስንቱን ልብ ላክሁላት! አሁን ወደ ኋላ መልሼ ስመለከት ከአንዱ ልብ በታች አንድ እውነተኛ ቃል የለም፤ በራሴ እንዲህ ያፈርኩበት ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፎቶው ቀረ። የልጇ መልእክት የመጣው በሁለተኛው ግሩፕ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተቀበረች። ልጇ ኮምቦልቻ ላሉት አክስቷ የደወለችላቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም «ታማለች» ብሎ አልነገራቸውም። ረቡዕ ማታ እንደደረሱ ሰማሁ።

ሐሙስ ለቅሶ ቤት ስገባ እህትየው ፍራሹ ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ሲነግሯቸው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እጄን ይዘው ስለ እሷ ይጠይቁኝ ጀመር። ምን ትበላ ነበር፣ ብዙ ተሠቃየች ወይ፣ ሱቁ ትልቅ ነው ወይ። ሁሉንም መለስኩላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ። «እንደምትሞት ታውቅ ነበር ወይ? አውቃ ካልጠራችኝ፣ እንዳኮረፈችኝ ሄዳለች ማለት ነው። ካላወቀች ግን... ብታውቅ ትመጣልኝ ነበር ብዬ እጽናናለሁ።»

«አታውቅም ነበር» ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸውም ይጽናናሉ፣ እኔም እድናለሁ፣ ከእንግዲህ ደግሞ የሚያጋልጠኝ ሰው የለም። ምን እንዳገደኝ አላውቅም፤ ምናልባት እጄን እንደያዙት ስለነበር ይሆናል።

«ታውቅ ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው። «ይቅር ብላዎታለች። እርስዎ ዘንድ መጥታ ልትነግርዎ ፈልጋ ውሰጂኝ ብላኝ ነበር። ስትድኚ ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

አልጮሁም። «መቼ ነው ውሰጂኝ ያለችሽ?» አሉኝ።

«ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው።»

«ሃያ ስድስት ቀን» አሉ። እጃቸውን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡና መቁጠሪያቸውን አነሱ። «እኔ እኮ ትናንት ጠዋት ተነስቼ ለመግሪብ ሶላት እዚህ ነበርኩ።»