የኧርቪንጉ ሣማ

ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ መርዶ ሲኖር የሚጠራው መንገሻ ነው። ሥራው የሆቴል ሻትል መንዳት ነው፤ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት። ሰው ሲሞት ግን ሌላ ሥራ አለው። እዚህ በሰው አገርም ቢሆን መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሺፍቱ ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል። ታዲያ በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው ወደኋላ ይላል፤ አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ አንዱ ስልኩን ያያል። ገብቶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ይዞ «ወንድሜ፣ እናትህ አርፈዋል» የሚለው መንገሻ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ቀሲስ ጥዑመልሳን «ሣማ» ያሉት። ሣማ የንጉሥ ዳዊት ወታደር ነበር። ፍልስጥኤማውያን ሲመጡ ሠራዊቱ እግሬ አውጪኝ አለ። እሱ ብቻውን ምስር እርሻ መሃል ቆሞ ተዋጋ፣ እርሻውንም አዳነ።

«ለምስር ብሎ?» ብላ ሳቀች የእድሩ ጸሐፊ ሰርካዲስ። «ለሥጋ ቢሆን እንኳ ደህና!»

መንገሻም ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ከነከነው።

«አባ፣» አላቸው እሑድ ሲያገኛቸው፣ «ይሄ ሣማ ልጅ ነበረው? እሱ ሐዘን ሲደርስበትስ ማን ሄደለት?»

«አልተጻፈም፣ መንገሻ። የተጻፈችው ያቺ አንድ ቀን ብቻ ናት።»

ዝም ብሎ አልነበረም የጠየቀው። አንድ ልጁ ማርያማዊት አገር ቤት፣ ሰሜን ውስጥ ነርስ ናት። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። በየብሬኩ ኮል ያደርጋል፤ አይጠራም። ሰው «እንዴት ናት?» ሲለው «ኔትወርክ ነው፣ ኔትወርክ» ይላል።

አንድ ማታ ሰርካዲስ ደወለች።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለህ?»

«ከሰዓት ነው የምገባው። ማን ጋ ነው?»

«ኦኬ... ሶ፣ ጠዋት እንመጣለን» ብላ ዘጋችው።

ለመርዶ ስትፈልገው ሁሌም እንደዚህ ነው የምትጠይቀው። ሶ፣ ጥቁር ጃኬቱን አውጥቶ ተኛ። ሲነጋጋ ፓርኪንጉ በሚያውቃቸው መኪናዎች ተሞልቷል። «ይሄስ ከባድ ሐዘን ነው» አለና ሳይጠሩት ወረደ። የቀሲስ መኪና ውስጥ ከፊት ገብቶ ቀበቶውን አሰረ።

«እንሂድ አባ፣ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ። ቤቱ አዲሰን ከተማ ነው?»

ቀሲስ እጃቸውን ከመሪው ላይ አወረዱ።

«ኧረ አባ፣ ሰው እንዲህ አይጉላላም። እናንተ ከፈራችሁ እኔ እነግረዋለሁ። ማን ሞተበት?»

ሞተሩ አልተነሳም። ከኋላ ሰርካዲስ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«መንገሻ፣» አሉ ቀሲስ፣ «ና፣ ወደ ላይ እንውጣ።»

«ወደ እኔ ቤት? እኔ ቤት እኮ ማንም የለ...»

ያን ጊዜ ዞሮ ውጭ የቆመውን ሰው ሁሉ አየ። አንድም ዓይኑን የሚያየው የለም።

ሰርካዲስ ወርዳ፣ ዞራ መጥታ ቀበቶውን ፈታችለት። ግራና ቀኝ ደግፈው ደረጃውን አወጡት። ቤቱ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቀሲስ እጁን ያዙት። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ተዉት አባ» አላቸው። «ተዉት።»

ከዚያ ለቅሶው ተነሳ። ልጅህ ሞተች ብሎ አፍ አውጥቶ የነገረው ሰው ግን የለም፤ እስከ ዛሬም የለም።