የሚኒባሱ መስኮት

በመስኮት የተነሣ ከሰው እጣላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄ ውጭ አገር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎላት ከመጣች ወዲህ ግን የማልጣላበት ነገር የለም። በሽታ የሚከላከሉት የደሟ ሴሎች ገና አዲስ ናቸው፤ ሥራቸውን መጀመራቸውን ለማየት በየወሩ ደሟ ይመረመራል። ሐኪሟ «ሰው ከሚበዛበት አርቂያት» ብሎኛል። ታዲያ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር በምን ልውሰዳት? በክንፍ?

ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ጭምብሏን አድርጌላት፣ አጠገቧ ያለውን መስኮት ከፈትኩ። ከኋላችን የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አባት እየሳሉ እጃቸውን ሰደው ዘጉት። ከፈትኩ። ዘጉት።

«ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል እኮ!» አሉኝ።

«አባቴ፣ ልጄን የሚጎዳት ንፋሱ ሳይሆን ሳልዎ ነው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ተነሣብኝ። «ሽማግሌ ትዳፈራለች እንዴ!» አለች አንዷ። ደሜ ፈላ። መቅኔውን፣ የደም ምርመራውን፣ ተራ ጉንፋን ሊገድላት እንደሚችል እየጮኽኩ ነገርኳቸው።

ከዚያ መስኮቱ ሁሉ ተራ በተራ ተከፈተ። ያቺው ሴት እንባዋን ስትጠርግ አይቼ፣ ለካ ሰው ሲነገረው ይገባዋል ብዬ እፎይ አልኩ።

ቡሬ ስንቆም የሚወርደውም የማይወርደውም «እግዜር ይማርሽ» እያለ ልጄን ሊስም ተነሣ። ከፊት የሚመጡትን ሁለት እጄን ዘርግቼ ስከለክል ቆይቼ ዞር ስል፣ እኚያ አባት ከኋላ ጭምብሏን ዝቅ አድርገው፣ አንዱን ጉንጯን ስመው ወደ ሌላው እየዞሩ ነበር።