ሳሩ ለማን ይያዛል?

ሚሪያም ሸዋንዳኝ አካውንቲንግ ተምራ ባጃጅ የምትቀባ ልጅ ናት። ጎረቤቷ ስለሆንኩ አዳላላታለሁ፤ አልደብቅም። ግን በ2003 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ሥራዋን አይቷል። «ከሴቻ ቁልቁል ፍሬን፣ ከሲቀላ ሽቅብ ጸሎት» የሚለው ጥቅስ የእሷ ነው፤ ሴቻ የከተማዋ ላይኛው፣ ሲቀላ ታችኛው ሰፈር ነው። «ቀስ በል፣ ሙዙ ገና ጥሬ ነው» የሚለውም የእሷ ነው። ከንፈሩን ቀይ የተቀባውን አዞ ያላየ ደግሞ ከተማዋን አየሁ ባይል ይሻለዋል።

አባቷ መምህር ሸዋንዳኝ ከመንዝ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በመንገድ ሲያልፉ ስንቱ የልጆች አባት ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል። ለእሳቸው ሥራ ማለት የመንግሥት ሥራ ነው፤ የቀረው ሁሉ መንከራተት ነው። ሚሪያም እንደተመረቀች አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስትቀጠር ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እሑድ እሑድ ሲቀላ ወርዳ ሙህሲን ጋራዥ ባጃጅ መቀባቷን ግን እንደ ልጅ ጨዋታ አይተው አለፉት። ሙህሲን ባጃጅ ጠጋኝ ነው፤ ሲስቅ የጋራዡ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

የሙከራ ጊዜዋ አለቀና «ቋሚ ሆነሻል» ተባለች። በዚያው ሳምንት ሙህሲን የጋራዡን ግማሽ ጠርጎ፣ «ይሄ ያንቺ ነው። ሰዉ እሑድን እየጠበቀ ተሰለፈብኝ እኮ፤ ነይና ሁልጊዜ ሥሪ» አላት።

ልጅቷ እህል አስጠላት። ደመወዝ ደመወዝ ነው፤ ወር ሲደርስ ከች ይላል። ባጃጅ ነጂ ደግሞ ገበያ ሲጠፋ ቀለም ትዝ አይለውም። ይህ አልጠፋትም። ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ መሆናቸው እንደሚያሳብዳት ለእኔ ነግራኛለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አባዬ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» አለች።

የመምህር ጉርሻ አፋቸው ደጃፍ ላይ ቀረ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል!» ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ሆነ።

ሲብስባቸው የአገሬውን የጋሞን ሕዝብ ወግ አስታወሱ። እዚህ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ እምቢ ማለት የለም፤ ጦር የሰበቀ ሰው እንኳን ጦሩን ይጥላል። መምህር ከኦቾሎ መንደር የድሮ ወዳጃቸውን፣ ሸማኔውን አቶ ዳልጮን፣ ከሁለት አዛውንት ጋር አስጠሩ። እኔም ገብቼ ጥግ ያዝኩ፤ እውነቱን ለመናገር ማንም አልጠራኝም።

ሽማግሌዎቹ ሳሩን እንደያዙ ተቀመጡ። ሚሪያም ገና ስታየው እንባዋ መጣ። እነዚህ ሰዎች ከተንበረከኩላት ወደ ቡናማዎቹ ወንበሮች መመለሷ ነው። እኔም ደሜ ፈላ። ደም ለማድረቅ የሚያዝ ሳር ለአንዲት ቀለም ቀቢ!

«በሉ እንግዲህ ለምኑልኝ» አሉ መምህር። «እንጀራዋን ልትደፋ ነው።»

አቶ ዳልጮ ግን አልቸኮሉም። «መምህር፣ ልጅቷ ሰው መታች?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እርስዎን ሰደበች?»

«የእኔ ልጅ? ጨዋ ናት እንጂ!»

«ተቆጥታለች?»

«ምን ያስቆጣታል? እዚያ ቀለም ውስጥ ስትገለፍጥ ነው የምትውለው!»

«እንግዲያው እዚህ ቤት የተቆጣው ማነው?»

መምህር ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሳር የሚያዘው የተቆጣ ሰው ፊት ነው» አሉ አቶ ዳልጮ። ሦስቱም ተነሥተው መምህር ሸዋንዳኝ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ኧረ ተነሡ! በማርያም! እኔ የጠራኋችሁ እኮ...» አልጨረሱትም። ዕድሜያቸውን እዚህ ፈጅተዋል፤ ሳር ተረግጦ እንደማይታለፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ቁጣ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ፈርቼ ነው። ነገ እኔ ብሞት፣ ወር ሲደርስ ማን አላት ብዬ ነው።»

ሚሪያም ጉልበታቸውን ሳመች። «እጄ አለ፣ አባዬ። ሲቀላ ባይሆንልኝ ትምህርቴን ማን ይወስድብኛል?»

መምህር ሳሩን ከአቶ ዳልጮ እጅ ተቀበሉ። እኔ አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ የጠሯቸው ሽማግሌዎች እሳቸውን ማስታረቃቸው ነዋ!

ሰኞ ጠዋት የሚሪያም መኝታ ክፍል በር ሲደበደብ ከእንቅልፌ ነቃሁ። የመምህር ድምፅ ነው።

«ሚሪያም! ተነሺ እንጂ! ለሚወዱት ሥራ ይረፈዳል እንዴ?»