የአበረ መርፌ

የወረታ ክሊኒክ ነርሷ ደብረወርቅ ምላሷ እሬት ነበር። ግራ እግሯን እየጎተተች ብቅ ስትል በር ላይ የሚተራመሰው ሕመምተኛ ሁሉ ጸጥ ይላል። እግርሽን ምን ነካው ያላት ሰው «በቅሎ ጣለችኝ፤ ምን አገባህ?» ተብሎ አፉን ይይዛል። ባሏን አበረን የፈታችው እግሯ በተጎዳበት ዓመት ነው። አበረ ከጦር ሠራዊት ቁስል ማሰር ለምዶ መጥቶ፣ ይፋግ ገበያ ጓሮ ተደብቆ መርፌ ይወጋ ነበር። ያለ ፈቃድ መውጋት በደርግ ጊዜ ያሳስራል፤ እሱ ግን ማን ወንድ ይነካኛል ባይ ነው።

አንድ ቀን ይኸው ሰው አዲሲቱን ሚስቱን ታይቱን ይዞ ክሊኒኩ ከች አለ። የወፍጮ ቀበቶ ቀኝ እጇን ጨፍልቆታል፤ ቶሎ ካልታጠበና ካልተሰፋ መበስበሱ ነው። ደብረወርቅ አበረን ስታይ ደሟ ፈላ። ቢሆንም ልጅቱን ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ አጥንትና ቆዳ ብቻ ናት። ክንድ እንዲደነዝዝ ማደንዘዣው በብብት፣ ነርቮቹ ባሉበት ይገባል። ብብት ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ለቀጭን ሰው ግን መድኃኒቱ በጨው ውሃ ይቀጥናል እንጂ አይጨመርም። መጠኑ ለክብደቷ ከሚፈቀደው በላይ ከሆነ ልብ ያቆማል፤ የትም ተወጋ የት፣ የሚቆጠረው ድምሩ ነው።

ከዚህ በፊት የወጋት እንዳለ ጠየቀች። አበረ በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመውን አብዮት ጠባቂ በጎን አየና ማንም አልነካትም አለ። ታይቱም አንገቷን ደፍታ ማንም አልነካኝም አለች።

የዚህን ሰው ውሸት ደብረወርቅ ካላወቀችው ማን ሊያውቀው ነው? ልጅቱ ከንፈሯን ደጋግማ ትልሳለች። ምነው ስትላት አፌን ደነዘዘኝ፣ ጆሮዬም ይጮሃል አለች። ወይ ጉድ! ይህ ማደንዘዣ ሲበዛ የሚመጣ ነው። አሁን ጨምራባት ብትሞት፣ አገሩ ሁሉ የቀድሞ ሚስቱ በቅናት ገደለቻት ይላል። ያን ጊዜ አበረም ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል።

መርፌውን ሞልታ ዘረጋችለት።

«እውነት ማንም ካልወጋት፣ እንካ፣ አንተው ውጋት።»

አበረ እጁን አልዘረጋም። በመጨረሻ አንድ ብልቃጥ ማደንዘዣ በሙሉ እጇ ላይ ወግቶ እንደጨረሰ አጉተመተመ። አብዮት ጠባቂው ሰምቶ ኖሮ እየገፈተረ ወሰደው።

ደብረወርቅ ልጅቱን አስተኝታ የጆሮዋ ጩኸት እስኪተዋት ጠበቀች። ከዚያ አንድ ጠብታ ሳትጨምር ቁስሉን ታጥብ ጀመር። እጇ ያልደነዘዘበትን ሕመም ታይቱ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው።

«ቀንተሽ ነው ባሌን ያሳሰርሽው» አለቻት። «እኔ ለእሱ ስል ዝም ብዬ ነበር።»

ደብረወርቅ ጨርቁን አስቀመጠች።

«እኔም ዝም ብዬለት ነበር። በቅሎ አልጣለችኝም። ለወባ ብሎ መቀመጫዬ ላይ ወጋኝ፤ መርፌው ነርቬን አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ እግር አልታዘዘኝም።»

ታይቱ የደነዘዙ ጣቶቿን አየቻቸው። ልታጥፋቸው ሞከረች፤ እምቢ አሏት።