የጭቃው እንግዳ

ዛሬ ከሆስፒታል ወጥቼ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር መኪናዬን ፓርክ አደረግሁ። ዶክተሩ የእናቴ መተንፈሻ ማሽን ይነቀል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ትቼው ነው የወጣሁት። ውሃው ዳር አንድ የህንድ ቤተሰብ፣ ጋኔሽ የሚሉትን የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸውን የሸክላ ምስል በአበባ አስጊጦ ወደ ሐይቁ ያወርዳል። የእርጥብ ሸክላ ሽታ መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ከበታችን ባለው ቤት አንዲት ህንዳዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ እናቴ "እትዬ" ትላቸዋለች። ሲሰግዱለት የከረሙትን የሸክላ ጋኔሽ በበዓላቸው ማብቂያ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ሲለቁት፣ ያመለጣቸው መስሎኝ ከነጫማዬ ገብቼ አቀፍኩት። ቀዝቃዛ ነበር። አጥብቄ በያዝኩት ቁጥር በጣቶቼ መሃል ጭቃ ሆኖ ፈሰሰ።

እትዬ አልተቆጡም። እጄን በሳሪ ቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ልጄ፣ እኛ የምንሰግደው ለጭቃው አይደለም" አሉኝ። "አምላክ በጭቃው እንግዳ ሆኖ ይመጣል። መቀበሉም ስግደት ነው፣ መሸኘቱም ስግደት ነው። አልሸኝም ካልሽ ግን እንግዳሽን አሰርሽው።"

ቤት ስንገባ እናቴ "ጣዖት ነክተሻል" ብላ ጠበል ረጨችኝ።

ሐይቁ ዳር እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ፤ ዶክተሩ ነው። ሳላነሳው ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የእናቴን እጅ ይዣለሁ፤ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እትዬ፣ ያ ጭቃ ቀዝቃዛ ነበር። ይሄ እጅ ግን ይሞቃል።